ባትሪ ከመግዛታችን በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር፤ መሸንቲ)



የሒሳብ ሠራተኛ ስለ መኪና ባትሪ ልትናገር መነሣቷ ለአንዳንዶቻችሁ ይገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ባለፉት አሥራ አንድ ወራት ለፒክአፓችን ሁለት አዳዲስ ባትሪዎች ገዝተናል። በደህና የተያዘ ባትሪ ሦስትና አራት ዓመት ያገለግላል፤ የእኛዎቹ ግን ስድስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። በዚያ ላይ መኪናው አልነሣ ባለ ቁጥር እንጀራውንና አትክልቱን ባሕር ዳር ለማድረስ ባጃጅ ተከራይተናል። አንድ ባትሪ የሚገዛበት ገንዘብ ለአንዲት አባላችን ለጉልት ንግድ ወይም ለዶሮ እርባታ መነሻ ብድር ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የሾፌሩና የመካኒኩ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

መኪናው አሁን ተጠግኗል። እንዴት እንደተደረሰበት ላስረዳችሁ የፈለግሁት ወደፊት ራሳችን ጠይቀን፣ ራሳችን ለክተን እንድንወስን ነው። ብዙዎቻችሁ ደግሞ በቤታችሁ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ አለ፤ ችግሩ እዚያም አንድ ዓይነት ነው።

ባትሪ ቁጠባ ነው፣ ዲናሞ ገቢ ነው

የመኪናን ኤሌክትሪክ ለመረዳት የእኛን የቁጠባ ደብተር ማሰብ ይበቃል። ባትሪው ቁጠባ ነው። ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ገቢ ነው። መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ ጡሩምባው፣ ሬዲዮው ወጪዎች ናቸው። በደህና ጊዜ ወጪውን ሁሉ የሚሸፍነው ገቢው ነው፤ የተረፈው ቁጠባ ላይ ይጨመራል። ቁጠባው የሚነካው ሞተሩን ለማስነሣት ነው፤ ያም ወዲያውኑ ይተካል።

ዲናሞው የሚሠራው በጢስ ዓባይ ማመንጫ በሚሠራበት ሕግ ነው። በ1956 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ አንደኛ ማመንጫ ውኃው ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ በሽቦ ጥቅል መካከል መግነጢስ ያዞራል፤ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በመኪና የውኃውን ሥራ የሚሠራው ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከላላ ወይም ካረጀ ልክ ውኃ እንደጎደለበት ማመንጫ ነው፤ ዲናሞው ጤነኛ ቢሆንም በቂ ኃይል አይሰጥም።

በዲናሞው ውስጥ ማወቅ ያለብን ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ካርቦን ነው፤ ለሚዞረው መግነጢስ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ትንሽ እርሳስ የመሰለ ነገር ነው፤ እየተፋቀ ያልቃል። ሁለተኛው ሬጉሌተር ነው፤ በጣና መውጫ ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብ የሐይቁን ውኃ እየመጠነ እንደሚለቅ፣ ሬጉሌተሩም ዲናሞው ከልክ በላይም ከልክ በታችም እንዳይሰጥ ይመጥናል። ሦስተኛው ዳዮድ ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ዳዮድ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ነው። ከዲናሞ ወደ ባትሪ ያሳልፋል፤ ከባትሪ ወደ ዲናሞ ግን አይመልስም። አብዛኛው የመኪና ዲናሞ ቢያንስ ስድስት እንዲህ ያሉ በሮች አሉት። ይህን በር አስታውሱልኝ፤ የእኛ መኪና ጣጣ ከዚህ ነበር።

በነገራችን ላይ ዲናሞ የምንለው ነገር በትክክል ስሙ አልተርኔተር ነው። በድሮ መኪኖች የነበረው እውነተኛው ዲናሞ ሲሆን ሞተሩ ቀስ ሲል የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እጅግ ያንስ ነበር። በአሜሪካ ክራይስለር በ1960 እ.ኤ.አ. ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ አልተርኔተርን መደበኛ ካደረገ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት። በጋራዦቻችን ግን የድሮው ስም ቀረ፤ ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ የሚሉት የጣሊያን ቃላት እንደቀሩት ማለት ነው። እኔም ሁላችንም በምናውቀው ስም ዲናሞ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባትሪን የሚጨርሰው ማስነሣት አይደለም

ብዙ ሰው ባትሪ የሚያልቀው ቶሎ ቶሎ ሞተር በማስነሣት ይመስለዋል። እስቲ በሒሳብ እንየው። ባትሪ የሚለካው በአምፔር-ሰዓት ነው። የእኛው 60 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ይህም ማለት 1 አምፔር ለ60 ሰዓት፣ ወይም 6 አምፔር ለ10 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ 150 አምፔር ያህል ይስባል እንበል፤ ብዙ ነው። የሚስበው ግን ለ3 ሰከንድ ብቻ ነው። ቢሰላ 0.125 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ከ60ው ላይ ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ በጣሪያ ላይ ያለችውን 5 ዋት የምታክል ትንሽ አምፖል እንውሰድ። የምትስበው 0.4 አምፔር ያህል ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሳትጠፋ ብትቀር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን 5 አምፔር-ሰዓት በልታለች። አርባ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት የሚበቃ ማለት ነው። የጓዳችንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለበዓል ከሚወጣው ብር ይልቅ በየቀኑ ሳይታወቅ የሚንጠባጠበው ይጎዳናል።

እንግዲህ ባትሪ በሦስት መንገድ ይራቆታል። አንደኛው ገቢ ሲያንስ ነው፤ ዲናሞው በቂ ሳይሰጥ ሲቀር። ሁለተኛው ገቢው መንገድ ላይ ሲቀር ነው፤ ዲናሞው ቢሰጥም ገመዱ ወይም የባትሪው መያዣ ዝጎ ሳያደርስ ሲቀር። ሦስተኛው ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር በስውር ሲስብ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ አዲስ ባትሪ መግዛት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። ውኃው ይሞላል፤ እስክንደርስ ግን ባዶ ነው።

ደረሰኞቹ ምን አሉ?

ፒክአፓችን ሲታመም በየጊዜው የተሰጠን መልስ አንድ ነበር፤ «ባትሪው ሞቷል»። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ እንዲሁ ብሎናል፤ ዲናሞውን ግን አንድም ቀን አልለካም። አዲሱ ባትሪ ሲገጠም መኪናው እንደ ወጣት ይነሣል፤ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆይና እንደገና ይተኛል።

የመንፈቅ ዓመቱን ሒሳብ ስዘጋ የባጃጅ ኪራይ ደረሰኞችን ለብቻ ሰብስቤ በቀናቸው ደረደርኳቸው። ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ አምስቱ ሰኞ ቀን የተቆረጡ ናቸው። ሁለቱ በበዓል ማግስት ናቸው። በሌላ ቀን የተቆረጡት ሁለት ብቻ ናቸው።

ይህ ነገር ትልቅ ምልክት ነበር። መኪናችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ይሠራል፤ እሑድና በበዓል ያርፋል። ጥፋቱ የባትሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞም ሐሙስም እኩል በቆመ ነበር። የሚቆመው ሲያርፍ ከሆነ ግን ቆሞ ሳለ የሚስበው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ዝርዝር ይዤ ከሾፌራችን ጋር ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድን። ወጣቱ ዝርዝሩን አይቶ ባትሪውን ከመንካቱ በፊት ቴስተሩን አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ መኪና ምንም የማታውቅ አባል እንኳ «መቼ ነው የማይነሣው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ትችላለች። ከእረፍት በኋላ ነው? ማታ መብራት አብርቶ ከሄደ በኋላ ነው? ዝናብ በመጣ ጊዜ ነው? መልሱ የበሽታውን ግማሽ ይናገራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ።

በዓይን የሚታይ ምርመራ

ከመለካት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ገንዘብ አይጠይቁም።

የባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ መንገዱ ተዘግቷል። ገመዱ ተፈትቶ፣ በሙቅ ውኃና በሶዳ ታጥቦ፣ ደርቆ መጥበቅ አለበት። መያዣው በእጅ ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነም እንዲሁ። ከባትሪው ወደ መኪናው አካልና ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ እሱም ይታይ።

ቺንጋው በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ መኪናው ዓይነት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። በጣም ከገባ፣ ከተሰነጠቀ ወይም መብራት ሲበራ ከጮኸ ችግር አለ።

ሦስተኛው በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ ምልክት ናት። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። ሞተሩ ተነሥቶ ካልጠፋች ዲናሞው አይሞላም። ቁልፉ ሲከፈትም ጨርሶ ካልበራች «ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ በብዙ የቆዩ መኪኖች ዲናሞው ሥራ ለመጀመር መነሻ የሚያገኘው በዚችው አምፖል በኩል ስለሆነ፣ አምፖሏ ስትቃጠል ዲናሞውም ሊተኛ ይችላል።

ሦስት ቁጥሮች

ከዚህ በኋላ ቴስተር ያስፈልጋል። ቴስተር ከአንድ ባትሪ ዋጋ በጣም ያነሰ ዕቃ ነው፤ አጠቃቀሙም የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። የምንፈልገው ሦስት ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ሞተሩ ጠፍቶ ብዙ ሰዓት ካረፈ በኋላ የባትሪው ቮልት ነው። ጤነኛና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል አለው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12.0 አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ 12 ቮልት ሲባል ሙሉ የሚመስላቸው አሉ፤ 12.0 ያለው ባትሪ ግን ሊያልቅ የቀረበ ነው። የእኛው በዚያ ቀን 12.1 ነበር።

ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ተነሥቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት ሲዞር ያለው ቮልት ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ የፊት መብራቱ፣ ማራገቢያው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሁሉ ይከፈትና እንደገና ይለካል። ትንሽ ቢወርድም ከ13.5 በታች መውረዱ ጥሩ አይደለም። የእኛው ያለ ጭነት 13.6 ነበር፤ ሁሉ ሲከፈት 12.7 ሆነ። ትርጉሙ ገቢው ወጪውን አይሸፍንም፣ ጉድለቱን ቁጠባው እየከፈለ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው መብራቱን ሳይከፍት ቢለካው ኖሮ «ትንሽ ዝቅ ብሏል እንጂ ይሞላል» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር።

ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጥፋቱ የዲናሞው ነው ወይስ የመንገዱ? ይህን ለመለየት በዲናሞው ራስ ላይ ባለው ወፍራም ገመድና በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሞተሩ እየዞረና መብራቱ በርቶ፣ ይለካል። ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት በላይ ከሆነ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ኃይሉን ይበላል። በማሳው በኩልም እንዲሁ ይለካል። የእኛው 0.1 ሆነ። መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ቺንጋውም ደህና ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞው ውስጥ ገባ።

ቁጥሩ ወደ ላይ ቢያልፍም ጥሩ አይደለም። ከ15 ቮልት በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ መመጠኑን አቁሟል። ባትሪው ይፈላል፣ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይመጣል፤ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። ይህም አዲስ ባትሪ በጥቂት ወራት ይገድላል።

ሦስተኛው ቁጥር ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሮች ተዘግተው፣ ቁልፍ ተነቅሎ ሳለ ከባትሪው የሚወጣው አምፔር ነው። የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታና ቴስተሩ በአምፔር ቦታው ላይ ሆኖ በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ይገባል። ዘመን አመጣሽ መኪኖች ኮምፒዩተራቸው እስኪተኛ ድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚፈቀደው ከ0.05 አምፔር ያነሰ ነው። በ0.05 አምፔር የእኛ ባትሪ ግማሹን ለመጨረስ 25 ቀን ይፈጅበታል።

የእኛ መኪና ግን ቆሞ 0.6 አምፔር ይስብ ነበር። ከቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት 36 ሰዓት ነው። 36 በ0.6 ሲባዛ 21.6 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ከባትሪው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ነው። ዲናሞው ደካማ ስለነበር ባትሪው ቅዳሜም ሙሉ አልነበረም። በአዘቦት ሌሊት የሚጠፋው 7.2 ብቻ ስለሆነ ማክሰኞ ይነሣል፤ ሰኞ አይነሣም። ደረሰኞቹ ያሉትና ቴስተሩ ያለው አንድ ሆነ።

ሌባው ማን ነው?

በእንዲህ ያለ ጊዜ ኤሌክትሪሺያን ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀለ ቴስተሩን ያያል። አንዱ ሲነቀል ቁጥሩ ከወረደ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው፤ የሬዲዮ፣ የማንቂያ ደወል፣ የጓንት ሣጥን አምፖል ሊሆን ይችላል። በእኛ መኪና ፊውዞቹ ሁሉ ቢነቀሉም 0.6ው አልወረደም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። የዲናሞው ወፍራም ገመድ ግን በብዙ መኪኖች ከትንንሾቹ ፊውዞች ውጭ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተያያዘ ነው።

ወጣቱ የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ከፈታ በኋላ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ አላቀቀ፤ ጫፉ ብረት እንዳይነካ በፕላስተር ጠቀለለና እንደገና ለካ። 0.03 አምፔር። ሌባው ተያዘ።

ዲናሞው ሲከፈት ከዳዮዶቹ አንዱ ተበላሽቶ ተገኘ። ወደ አንድ ወገን ብቻ መከፈት የነበረበት በር ወደ ሁለቱም ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። አንድ ጥፋት ገቢንም ቀነሰ፣ ቁጠባንም ሰረቀ። እንዲህ ያለ ጥፋት ሲኖር መኪናው ብዙ ሰዓት ቆሞ እንኳ ዲናሞው በእጅ ሲነካ ለብ ሊል ይችላል፤ ይህም አንድ ምልክት ነው።

የዳዮዱ ክፍል ተቀየረ፤ ካርቦኑም ስላለቀ አብሮ ተተካ። ሙሉ ዲናሞ መግዛት አላስፈለገም። ከጥገናው በኋላ ያለ ጭነት 14.3፣ በጭነት 13.9፣ ቆሞ 0.03 ሆነ። ከጥገናው ወዲህ ሰኞ ቀን የባጃጅ ኪራይ ደረሰኝ አልቆረጥኩም።

«ሞተዋል» የተባሉትስ ባትሪዎች? ሁለቱም በዕቃ ቤታችን ተቀምጠው ነበር። በቻርጀር ቀስ ብለው ሲሞሉ አንዱ ዳነ፤ በጭነት ተፈትኖም ደህና ሆኖ ተገኘ፤ አሁን መጠባበቂያችን ነው። ሌላው አልዳነም። ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆይ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ብረት ሰሌዳዎች ላይ ድኝ ያዘለ ጨው ይጠነክርባቸዋል፤ ከጠነከረ በኋላ መሙላት አይቻልም። ስለዚህ ያለቀ ባትሪ ጥግ ላይ አይጣል፤ በዚያው ቀን ይሞላ።

ለባጃጅና ለኤሌክትሪክ መኪና

በባጃጅ ላይ ቺንጋ የሚያዞረው ዲናሞ የለም፤ መግነጢሱ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ የሬጉሌተሩንና የዳዮዱን ሥራ አንድ ትንሽ ዕቃ ትሠራለች። ሦስቱ ቁጥሮች ግን እዚያም ይለካሉ። ለማስጌጥ የተጨመሩ መብራቶችና ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገቢው ከሚችለው በላይ ሊያስወጡ ስለሚችሉ፣ ባጃጅ ያላችሁ ይህን ሒሳብ አስቡበት።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። እሱም ቢሆን ከትልቁ ባትሪ ሌላ ለመብራቱና ለኮምፒዩተሩ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሷ ካለቀች መኪናው አይንቀሳቀስም። በሌላ በኩል የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ ያለንን አሮጌ መኪና ይዘን ብዙ ዓመት እንቆያለን። ስለዚህ መጠገንና መጠበቅ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ጥንቃቄ

ይህን ሳልናገር አልጨርስም። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል፤ ክብሪትና ሲጋራ በአጠገቡ አይታሰብም። በውስጡ ያለው አሲድ ልብስና ዓይን ያቃጥላል፤ ከነካችሁ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ታጠቡ፤ ዓይን ከገባ ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ውኃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም የጣናም ውኃ አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም።

ሲፈታ መጀመሪያ አሉታዊው፣ ሲገጠም መጨረሻ አሉታዊው። ቀለበትና የአንገት ሐብል ይውለቁ። ሞተር እየዞረ ወደ ቺንጋው የምትጠጋ ሴት ነጠላዋን ታውርድ፣ ፀጉሯን ትሰብስብ። ቴስተሩ በአምፔር ቦታው ላይ ሳለ ሞተር አይነሣ፤ በባትሪው ሁለት ጫፎችም ላይ በቀጥታ አይያዝ። ደግሞ «ዲናሞውን ልፈትን» ብሎ ሞተር እየዞረ ባትሪውን የሚነቅል ካያችሁ አስቁሙት። የድሮ ልማድ ነው፤ በዛሬ መኪና ግን ቮልቱ በድንገት ይዘልና ሬጉሌተሩንና ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ያረጀ ባትሪ በግቢ አይሰበር፤ ልጆች አይጫወቱበት። በውስጡ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። ለሚመለከተው ተረካቢ ይሰጥ።

የማቀርበው ሐሳብ

አባላት እንድትወያዩበት አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበሩ አንድ ቴስተር ይግዛ፤ ሾፌራችንና ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት አባላት አጠቃቀሙን ይማሩ።

ሁለተኛ፣ በየወሩ መጀመሪያ ሦስቱ ቁጥሮች በመኪናው መዝገብ ይጻፉ። ቁጥር ሲወርድ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ የባትሪ ግዢ ጥያቄ ወደ እኔ ሲመጣ ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ይቅረቡ። ያለ እነሱ ክፍያ አላዘጋጅም። ሰውን ስለጠረጠርኩ አይደለም፤ የማይለካ ወጪ መጨረሻ ስለሌለው ነው።

አራተኛው ለለጋሾቻችን ነው። መኪና ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን፤ እንጀራችን ባሕር ዳር የሚደርሰው በእሱ ነው። ንብረት ሲሰጥ ግን የጥገናና የሥልጠና ትንሽ ገንዘብ አብሮ ቢያዝ ንብረቱ ዕድሜ ያገኛል። ከሴቶች ልጆቻችን መካከል የመኪና ኤሌክትሪክ መማር የምትፈልግ ካለች ደግሞ እንድትደግፉን እንጠይቃለን። ወንድ ብቻ የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ እንደ አየነው አብዛኛው ትዕግሥትና መደመር መቀነስ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ መኪናው ከደጅ ቆሟል፤ ሾፌራችን ቴስተር ተውሶ መጥቷል፤ አብረን እንለካለን።